በውሰት ምላስ የተጠመቀ ጠላ

አከራዬ ለሰው ጠላ ከመቅዳታቸው በፊት ጥቂት በመዳፋቸው ላይ ያፈሱና ይቀምሳሉ። ይህ የእሳቸው ብቻ ጠባይ አይደለም፤ እዚህ መንዝ ውስጥ ጠላ የምታቀርብ ሴት ሁሉ እንዲሁ ታደርጋለች። ትርጉሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የማቀርብልህ ነገር አይጎዳህም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ጣዕሙን አይቼዋለሁ፣ ቢበላሽ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ ማለት ነው። በመምህርነት ተመድቤ መጥቼ በግቢያቸው አንዲት ክፍል ከተከራየሁ ጀምሮ ይህን ሥርዓት ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ደንብ ያለው ነገር እወዳለሁ። መዳፋቸውን ቀመስ ያደርጉና «ደህና ነው» ይላሉ፤ ከዚያ ብርጭቆው ይሞላል።

ምንም እንደማይቀምሱ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ገበሬዎች መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ ጥግ ይዤ የተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ። አከራዬን እማማ ነው የምላቸው። እማማ እንደ ልማዳቸው በመዳፋቸው ቀምሰው «ደህና ነው» አሉና ለሦስታችንም ቀዱልን። ገበሬዎቹ አንድ አንድ ጊዜ ተጎነጩና ተያዩ። አንደኛው ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«እንግዲህ መንገዱም ሩቅ ነው» አለ።

«ነው እንጂ፤ ደመናውም እየመጣ ነው» አለ ሁለተኛው። ሰማዩ ላይ ምንም ደመና አልነበረም።

አመስግነው ወጡ። እኔም ብርጭቆዬን አንስቼ ቀመስኩ። ጠላው ሆምጥጦ ጥርስ ያጠርሳል።

«እማማ፣ ይሄ ጠላ ኮምጣጤ ሆኗል እኮ።»

«በጣም?»

«በጣም።»

«በሩን ዝጋው» አሉኝ። ዘጋሁት። ከዚያ መደቡ ላይ፣ ገበሬዎቹ በነበሩበት ቦታ ተቀመጡ። ያ ከባድ የጉንፋን በሽታ በገባበት ዓመት ተኝተው እንደነበር፣ ሳሉም ትኩሳቱም ሲለቃቸው ሽታና ጣዕም ግን አብረው ሄደው እንደቀሩ ነገሩኝ። ጤና ጣቢያ ሄደዋል፤ በራሱ ጊዜ ይመለሳል ብለዋቸዋል። ጠበልም ተጠምቀዋል። አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ጠላ የሚጠምቁት በእጅና በዓይን ነው። ጌሾውን በእፍኝ ይለካሉ፣ የአሻሮውን አቆላል በመልኩ ያውቃሉ፣ የጋኑን ጭስ ያዩታል። ይሁን እንጂ የዘንድሮ ገብስ እንደ አምናው አይደለም፤ የዚህኛው ነጋዴ ጌሾ እንደዚያኛው አይመርም። ዓይን የማይደርስበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ምላስ ያስፈልጋል።

«ማን ያውቃል?» አልኳቸው።

«አንተ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ቢያውቅማ በመዳፌ ስቀምስ ዝም ብሎ ያየኛል?»

እዚህ ላይ ስለ ጠላው ትንሽ ላስረዳ፤ አለዚያ የሚቀጥለው ነገር አይገባም። ገብስ ተቆልቶና ተፈጭቶ አሻሮ ይሆናል። ሌላው ገብስ በቅሎ፣ ደርቆ ብቅል ይሆናል። መራራውን የሚሰጠው ጌሾ ነው። ጌሾ በዚህ ብርድ አይበቅልም፤ ሞቅ ካለው አገር ተጭኖ ይመጣል። ጋኑ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ወይራውም ከታች ነው የሚመጣው። ይህ ሁሉ ተገናኝቶ ከአንድ ድፍድፍ ሦስት ዓይነት ጠላ ይወጣል። ሳይጠለል እንደ ወፈረ የሚጠጣው ጉሽ ነው። ውሃ ሳይበዛበት በጨርቅ ተጠልሎ የሚወጣውን፣ ራስ ላይ የሚወጣውን፣ ፊልተር ይሉታል። በተረፈው ድፍድፍ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚቀዳው ቀጭኑ ደግሞ ቅራሪ ነው። ሦስቱም አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ጉሽ ያጠግባል፣ ፊልተር ያስተኛል፣ ቅራሪ ጥም ይቆርጣል።

የደብሩ ሰንበቴ በየዓመቱ የቤተ ክርስቲያኑ ንግሥ ከመድረሱ በፊት የጠላ ምርጫ ያደርጋል። ለምርጫ የሚቀርቡት ሴቶች ሦስቱንም ዓይነት ይዘው ይመጣሉ፤ ሽማግሌዎች ይቀምሳሉ፤ በሦስቱም የበለጠችው ሴት ለካህናቱና ለሽማግሌዎቹ ድንኳን የምትጠምቀው እሷ ትሆናለች። በአንዱ ዓይነት ብቻ መጉላት አይበቃም። የሰንበቴው መሪ፣ እዚህ «ሙሴ» የሚሏቸው፣ ምክንያቱን ሲያስረዱኝ «ፊልተር ማሳመር ቀላል ነው፤ ድፍድፉን አብዝተህ ውሃውን መሰሰት ነው። ሴትዮዋን የማውቃት ቅራሪዋን ስጠጣ ነው» ብለውኛል።

ይህ ክብር፣ «የንግሡ ጋን» የሚሉት፣ ለብዙ ዘመን የእማማ ነበር፤ ከሳቸው በፊት የእናታቸው። አሁን ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ የጠርሙስ ቢራና ድራፍት የሚሸጥ ቤት ተከፍቷል፤ ወጣቱ ሁሉ እዚያ ነው። እማማ ዘንድ የሚመጡት በርኖስ የለበሱት አዛውንቶች ብቻ ናቸው፤ የሚመጡትም የንግሡ ጋን እዚህ ስለሆነ ነው። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

«ዘንድሮ ካለፈኝ ጋኔን እደፋዋለሁ» አሉ።

ጋን መድፋት ማለት አፉን ወደ መሬት አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ጠላ አይጠመቅም።

እኔ ችግር ሳይ ወዲያው በቅደም ተከተል ላስቀምጠው የምፈልግ ሰው ነኝ። ሽታ የጠፋበት ሰው አፍንጫውን በልምምድ ሊመልስ እንደሚችል ስልኬ ላይ አነበብኩ። በማግስቱ አራት ኩባያ አዘጋጀሁ፤ በአንዱ ጌሾ፣ በአንዱ ብቅል፣ በአንዱ የወይራ ከሰል፣ በአንዱ ጤና አዳም። ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍል ከመሄዴ በፊት እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ፣ እኔ እጠይቃለሁ።

«ይሄስ?»

«እንጃ።»

«ዝም ብለው አይለፉት፤ ያስታውሱት። ጌሾ እንዴት ነበር የሚሸተው?»

«ጌሾ ጌሾ ነበር የሚሸተው፣ የኔታ። ምን ይመስል ነበር ልበልህ?»

ሲቀልዱብኝ የኔታ ይሉኛል፤ የቤተ ክህነት ተማሪ መምህሩን የሚጠራበት ነው። ቀልዱ ቢኖርም አንድም ቀን ሳይቀሩ ይቀመጡ ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፈተና እንደሚቀበል ተማሪ። አንድ ጠዋት ኩባያውን ሳስጠጋላቸው «ጌሾ» አሉ። ትክክል ነበሩ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። በደስታ ማብራራት ጀመርኩ፤ አንዱ ሽታ ከተመለሰ ሌሎቹ እንደሚከተሉ፣ እስከ ንግሡ ጊዜ እንዳለን።

እማማ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ሰምቼው ነው» አሉ። «ደስ ይበልህ ብዬ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ኩባያዎቹን አነሳናቸው። ከክፍሌ መስኮት ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆዩ፤ በኋላ እማማ ጌሾውን ለድፍድፉ ተጠቀሙበት።

የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ እኔ ልቅመስላቸው። ሐሳቡን ያመጡት እማማ ናቸው። ጎረቤት ቢያስቀምሱ ወሬው ሳይመሽ ገበያ ይደርሳል። ልጃቸው ሩቅ አገር ናት። እኔ ደግሞ ለአገሩ እንግዳ፣ ለቤቱ ቅርብ ነኝ። ምላሴም ደህና ነው።

ሥራውን በሥርዓት ያዝኩት። ለመራራነቱ፣ ለጭሱ፣ ለኮምጣጣነቱና ለውፍረቱ ለየብቻ ከአሥር እሰጣለሁ፤ ለጉሹም፣ ለፊልተሩም፣ ለቅራሪውም።

«ቅራሪው በጭስ ስድስት ነው» እላለሁ።

«ስድስት ያልፋል ወይስ ይወድቃል?»

«ያልፋል። ግን ሊሻሻል ይችላል።»

«ሰው ጠጥቶት ከሰከረ ስንት ይሆናል?»

«እሱ ሌላ ትምህርት ነው፣ እማማ።»

ይስቁ ነበር። ከሳቁ በኋላ ግን ያልኩትን ሁሉ በጥሞና ይወስዱታል። «ትንሽ ይመራል» ካልኩ፣ በሚቀጥለው ጥንስስ ከጌሾው እፍኝ ያጎድላሉ። «አሁንም ጥቂት ይመራል» እላለሁ፤ ሌላ እፍኝ ይቀንሳል። «ጭሱ ጉሮሮ ይይዛል» ካልኩ፣ ጋኑ ከወይራው ላይ ቶሎ ይነሳል። ጠላው ሳይጠነክር ቶሎ እንዲቀዳ፣ ብቅሉም ጨመር እንዲል መከርኩ። እያንዳንዱ ጥንስስ ከበፊቱ ይሻል ነበር። ይህን ያልኩት ከልቤ ነው፤ ነጥቡም ይመሰክራል። ምርጫው ሲቃረብ ፊልተሩ በሁሉም ዘጠኝ አገኘ።

«እንዲህ ያለ ጠላ የጠጣሁት እናቴ ቤት ብቻ ነው» አልኳቸው።

እማማ ደስ አላቸው። ወደ ጋኑ ዞር ብለው ሆዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ በግ እንደሚነካ።

አዛውንቶቹ በዚያ ሁሉ ጊዜ መምጣታቸውን አላቋረጡም። እርግጥ ቶሎ ይነሱ ነበር፤ ደግሞ ቅጂልኝ የሚለውም ቀንሷል። እኔ ብርዱ ነው ብዬ አሰብኩ። የመንዝ ሰው ሰው ቤት ገብቶ ጠላሽ ተበላሸ አይልም፤ ቀምሶ የሰጠውን እጅ ማሳፈር ነው። ያን መናገር የሚፈቀደው በዓመት አንድ ቀን፣ በምርጫው ዕለት ነው። የሰንበቴው ደንብ ነው፤ በዚያ ቀን የተባለ ነገር ቂም አይያዝበትም።

ዕለቱ ደረሰ። እንስራዎቹን አንዱን እማማ፣ ሁለቱን እኔና አንድ የሠፈር ሰው ተሸክመን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጣን። ነፋሱ ከጓሳ ተራራ በኩል ይመጣል፤ የሰንበቴው ቤት ክዳን ሣሩ ይንሿሿል። ሦስት ሽማግሌዎች በርኖሳቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ መካከለኛው ሙሴው ናቸው።

«መምህሩ ደግሞ ምን ሊፈትን መጣ?» አሉኝ።

«ዛሬ ልማር ነው የመጣሁት አባቴ።»

«እንግዲያ ከበሩ ራቅ በል፤ ብርዱ ከኛ ቀድሞ ያስተምርሃል።»

መጀመሪያ የቀረበችው የእማማ ጎረቤት ናት፤ ጠንካራ፣ ቃል የማታበዛ ሴት። በመዳፏ ቀመሰች፣ ቀዳች። ሽማግሌዎቹ ጉሹን፣ ቀጥሎ ቅራሪውን፣ በመጨረሻ ፊልተሩን ጠጡ። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ከዚያ ሌሎች ሁለት ሴቶች ቀረቡ። የአንዷ ቅራሪ ቀጥኗል ተባለ፤ የሌላዋ ጉሽ ጥሩ ሆኖ ፊልተሩ ላይ ጭስ በዝቷል። ሰው ይስቃል፣ ሴቶቹም ይመልሳሉ። «ጭሱ በዛ ካሉ አይናቸውን ይጥረጉ» አለች አንደኛዋ።

የእማማ ተራ ሆነ። በመዳፋቸው አፈሰሱ፣ ቀመሱ።

«ደህና ነው» አሉ።

ሙሴው ጉሹን ቀመሱና ወደ ጎን አስቀመጡት። ቅራሪውን ቀመሱ። ፊልተሩን ሲቀምሱ አፋቸው ውስጥ ያዝ አድርገው ቆዩ።

«ይጣፍጣል» አሉ።

እኔ ልቤ ሞላ። እኛ አገር ጠላ ይጣፍጣል ሲባል ምስጋና ነው።

«እህቴ፣ ማሽላ ገባበት እንዴ?» አሉ ሙሴው።

«ኧረ የለበትም። ገብስ ነው።»

«ገብስማ ነው። ግን መርሐቤቴ ደርሶ የተመለሰ ገብስ ይመስላል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም። ሌላው ሽማግሌ «ለሙሽራ ይሆናል፣ ለሕፃንም ይሆናል» አሉ። ሦስተኛው አንዴ ተጎንጭተው «የእናትሽ ጠላ ጉሮሮ ቧጥጦ ነበር የሚወርደው፤ ያንን የት አደረግሽው?» ብለው ጠየቁ፤ እሳቸው የምር ማወቅ ፈልገው ነበር።

እማማ ከሰው መካከል እኔን ፈልገው አዩኝ። ያዩኝም በቁጣ አይደለም፤ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ድንገት ሲገባው ሰው ሰሌዳውን እንደሚያየው ነው። ሙሴው የተናገሩት እንዲያው ለቀልድ ነው፤ እኔ ከቆላው መርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ መምጣቴን እንኳ የሚያስታውሱ አይመስለኝም። እናቴ ቤት ጠላ የሚጠመቀው ከማሽላ ነው፤ ጌሾው ጥቂት ነው፣ ጋኑም ለስሙ ይታጠናል፤ ሳይጠነክር ይጠጣል። እኔ ለወራት፣ ነጥብ በነጥብ፣ ያንን ጠላ ነበር የፈለግሁት።

የንግሡ ጋን ለጎረቤትየዋ ወጣ።

ስንመለስ መንገዱ ላይ ብዙ አልተነጋገርንም። ከግቢው ስንደርስ እማማ ባዶውን እንስራ አወረዱ።

«ስንት እፍኝ ቀነስኩ?» አሉ።

መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። 

«የቆላ ልጅ መሆንህን አውቄ ነው ያመንኩህ። ምላስ ያው ምላስ ነው ብዬ ነው።»

«እማማ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እናስተካክለዋለን» አልኩ። «አሁን ስህተቱ የት እንዳለ ታውቋል። ይመራል ባልኩ ቁጥር እርስዎ ይጨምሩበታል። ወይም ደግሞ ከአዛውንቶቹ ለአንዱ በምስጢር ነግረን እሳቸው ይቅመሱ። በቀድሞው እፍኝ ጀምረን...»

እስክጨርስ አልጠበቁም።

«ያንተን ምላስ ገልብጬ ልጠምቅ? ወይስ ሽማግሌ ቤት ሄጄ ቅመሱልኝ ልበል?» አሉ። «ጠላ ጠማቂ ነኝ እያልኩ?»

ያወረዱትን እንስራ አንስቼ ወደ ጓዳ አስገባሁ። 

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጎረቤትየዋ መጣች። ለንግሡ የምትጠምቀው ብዙ ስለሆነ ጋኗ አልበቃትም፤ የእማማን ልትዋስ ነው። በራፍ ላይ ቆማ፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ፣ «እትዬ፣ አፍሬ ነው የመጣሁት» አለች።

«ምን ያሳፍርሻል? ጋኑ መንገዱን ያውቀዋል» አሉ እማማ።

ራሳቸው ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጠቡት። ራሳቸው ወይራውን አቀጣጥለው ጋኑን ለማጠን ከጭሱ ላይ ገለበጡት። እኔ ከትምህርት ቤት ስገባ ጭሱ በጋኑ አፍ ሥር ሲንቦለቦል እማማ እያዩት ነበር። «ይበቃዋል?» ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጠየቁኝም። ጎረቤትየዋን ጠሩና «ነይ፣ አሽትተሽ ንገሪኝ፤ ጉንፋን ይዞኛል» አሏት። እሷም ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«ትንሽ ይቆይ እትዬ።»

«ይቆይ» አሉ።

በንግሡ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ከእማማ አጠገብ ቦታ አገኘሁ። ታቦቱ ገብቶ፣ ካህናቱ ባርከው፣ ጠላው ይቀዳል። ጋናቸው ከፊት ለፊታችን፣ አንገቱ ላይ ቄጠማ ታስሮለት ቆሟል። ጎረቤትየዋ በመዳፏ ቀምሳ ለሽማግሌዎቹ ቀዳች፤ ከእነሱ ቀጥሎ ለእማማ አመጣችላቸው። እማማ ብርጭቆውን ተቀብለው ጥቂት በመዳፋቸው ላይ አፈሰሱ። የሚጠጣ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ የሚያቀርብ ሰው ነው። እጃቸው ለምዶ ነው። እንዳፈሰሱ ሲያውቁት መዳፋቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉና ጠጡ።

ሙሴው ከማዶ ሆነው «ይሄ ነው!» ሲሉ ተሰማ።

እማማ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«እንዴት ነው?»

ቀመስኩ። «ይመራል» አልኩ።

«ጭሱስ?»

«ጉሮሮ ይይዛል።»

«እንግዲያ ጥሩ ጠላ ነው» አሉና ብርጭቆውን እስከ ታች ጨረሱት።

ጋኑ በማግስቱ ታጥቦ ተመለሰ። እማማ ተቀብለው ወደ ጓዳው ጥግ አንከባለሉት፤ እኔም አገዝኳቸው፤ ከባድ ነው። አፉን ወደ መሬት አድርገን ደፋነው። አሁንም የተማሪዎቼን ፈተና የማርመው እዚያው ቤት፣ እዚያው ጥግ ነው። እማማ አንዳንዴ መጥተው ከአጠገቤ ይቀመጣሉ፤ ማን ስንት እንዳገኘም ይጠይቁኛል። መደቡ ላይ ሌላ የሚቀመጥ የለም።